ማጣሪያ

ሦስት ሌሊት ሸራ ሥር አደርን፣ ከግቢያችን መሐል፤
የጭነት መኪናው «ነገ» ይላል፣ ነገም «ነገ» ይላል።
ግድግዳው ወርዷል። በሩ ብቻ ቆሟል፤
ዘውገ ግን ሲገባ ዛሬም ያንኳኳል።

ካዛንቺስ፣ ከላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ቀኑን ሙሉ እስካቫተር ሲወጣ ሲገባ
አቧራው ተነሥቶ ዳቦ ላይ ይተኛል፣
ቅንድብ ላይ ይተኛል፤
ሰው ነው መኝታ ያጣው፣ እሱ የትም ይተኛል።

እኔስ ለራሴ አይደለም፤ ሳስል አድሬም ይነጋል፤
ያቺ የዘውገ ማሽን አቧራ ከጠጣች፣ ማን አዲስ ይገዛል?

ሐኪሙ ነግሮናል፦ «እንቅልፍ ሲወስድህ ትንፋሽህ ይቆማል፤
ቆሞ፣ ቆሞ፣ ቆሞ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘግይቶ ይመጣል።»
እኔ ከሐኪሙ በፊት ነው ያወቅኩት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጎኑ ተኝቼ ስቆጥር ያደርኩት።
አንድ... ሁለት... አሥራ ሰባት... «ዘውገ!» በክርኔ፤
ስንት ሌሊት ከሞት ጎትቻለሁ እኔ።

ማንኮራፋቱንማ ሰፈሩ ያውቀዋል፤
ጎረቤታችን ሽኩር «እሱ ነው ሰዓቴ» ይላል፤
«ዘውገ ዝም ካለ ደንግጬ እነሣለሁ፣
ዘውገ ካንኮራፋ ሰላም ነው፣ እተኛለሁ።»

ከዚያ ማሽኗ መጣች፣ ሁለት ዙር ዕቁብ በልታ፣
ሐብሌንም ከአንገቴ ለማወራረጃ ፈትታ።
ፊቱ ላይ ስትጠልቅ ዝሆን መሰለና
ምንትዋብ ሣቀችበት፤ እሱም ሣቀና
ተኛ።
እኔ ግን ያን ሌሊት ዓይኔ አልተከደነ፤
ዝምታው ራሱ አዲስ ጩኸት ሆነ።

ዛሬ እንግዲህ ሸራ ሥር።
መብራት የለም፣ ቆጣሪው ተነቅሏል፤
ሽኩር ሚኒባሱን አጥሩ ጥግ አቁሟል፤
ባትሪውን ፈትቶ፣ በሁለት እጁ አቅፎ አመጣው እንደ ሕፃን፤
«ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እወስደዋለሁ፣ ከሥራ እንዳልቀር ብቻ» አለን።

አቧራውስ?
ጀርባዋ ላይ ያለች ጣት የምታክል ስፖንጅ
ትናንት ነጭ ነበረች፤ ዛሬ የጋራዥ ልጅ እጅ።
መለዋወጫውስ? «አስመጪው ጋር የለም፣ ምናልባት በኅዳር።»
ትንፋሽ እስከ ኅዳር በቀጠሮ ይደር?

እናም ነጩን ስቶኪንጌን፣ ለምንትዋብ ምረቃ የለበስኩትን፣
ቆርጬ፣ ሁለት እጥፍ አድርጌ አለበስኩት አየር መሳቢያዋን።
ከመሬት አንሥቼ፣ ከብፌው አናት ላይ፣
በእርጥብ አንሶላ ጋረድኳት አቧራው እንዳያይ።
ጭምብሉን በጨርቅ፣ ቱቦውን በፌስታል፤
ዘውገ ያየኛል፣ «ሙሽራ ናት እንዴ?» ይላል።
«ዝም በል፣ ዕድሜህን ነው የምሸፍነው» አልኩ፤
አልኩ እንጂ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ውስጥ አቧራ ሆነ፣ ሳልኩ።

ከሰዓት ወረዳ ነበርኩ፣ ወረፋ ይዤ ስጠብቅ፤
«ፋይላችሁ ማጣሪያ ላይ ነው» አለኝ ልጁ፣ ቀና ሳይል፣ ወረቀት ሲያደባልቅ።
ያጣሩን፣ መልካም ነው።
ተጣርተን ተጣርተን ምን ይሆን የሚያልፈው?
ምንስ ይሆን የሚቀር ስፖንጁ ላይ ተይዞ፣
የደጃፍ ደረጃ? የጓሮ ጌሾ?
የሽኩር ሳል ማለዳ፣ በአጥር ላይ ተጉዞ?

ሌሊት ስምንት ሰዓት። ነፋስ ሸራውን ሲያርገበግበው
ማሽኗ «እሽሽሽ» ትላለች፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።
በስልኬ መብራት አየሁ፤ የላዩ ስቶኪንግ ቡናማ ሆኗል፤
የሥሩን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ይዟል።
ዘውገ ይተነፍሳል።

ሽኩር ከመኪናው ውስጥ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ፣
«ዝም አለ እኮ፤ ደኅና ነው?» አለ፣ በሹክሹክታ ሲጠይቅ።
«ደኅና ነው። ተኛ አንተ።» «በምን ልተኛ?» አለኝ፤
«እሱም ዝም፣ ሰፈሩም ዝም፤ ሰዓቴ ጠፋብኝ።»

መልስ አልነበረኝም። አንሶላው ደርቆ ነበርና
ውሃ አርከፈከፍኩበት እንደገና፤
ባትሪው ሊሄድ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል ገና።